ደብዳቤያችን እሪ በከንቱ እንዳይሆን

በዚህ መንፈቅ በአማርኛ ጽሕፈት ትምህርት ለሠልጣኞች የተሰጠው ዋና ሥራ ግልጽ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ርዕሱን እያንዳንዱ ራሱ ይምረጥ ተብሏል። ምርጫው ሰፊ ሆኖ ሳለ ከክፍላችን የሚበዛው ሰው የመረጠው ጊዮርጊስን ነው፤ አራዳን፣ ፒያሳን። አይደንቅም። በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ላይ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲፈርሱ ከመካከላችን የአክስቱን ቤት ያጣ አለ፤ ሻይ የሚጠጣበትን ደጃፍ ያጣም አለ። ጉዳዩ ከቆዳችን አልራቀም።

ከተጻፉት ደብዳቤዎች ጥቂቶቹ በዚሁ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ሰንብተዋል። አንብበናቸዋል። ስሜታቸው እውነተኛ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ደብዳቤ ሳይሆኑ ሙሾ ናቸው። «ወይ ፒያሳ! ወይ ያ ደግ ዘመን!» ብለው ይጀምሩና «ኧረ የመንግሥት ያለህ!» ብለው ይጨርሳሉ። በመካከሉ አንድ ቀን፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ የሰው ቃል የለም። ከስልክ ላይ የተገለበጡም አሉ። እንዴት ታወቀ ቢባል፣ ሦስት ሠልጣኞች አንዲቱን ዐረፍተ ነገር ከነፊደል ግድፈቷ ጽፈዋታል።

እሪ በከንቱ የሚለው ስም ከየት መጣ? በዚያ ቁልቁለት በጨለማ የተዘረፈ ሰው እሪ ቢል ደራሽ ስላልነበረው ነው ይባላል። እኛ እንደሚመስለን ደግሞ ይህ ስም ያለ ጥናት ለሚጻፍ ግልጽ ደብዳቤም ልክክ ይላል። ጩኸት ነው፤ ግን ማን ይምጣልኝ፣ ምን ያድርግልኝ፣ በምን ማስረጃ የሚለው አይታወቅበትም። በዚህ ዕትም አቋማችንን የምንገልጸው በዚሁ ነገር ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግልጽ ደብዳቤና አቤቱታ ይለያያሉ። አቤቱታን አገራችን ከጥንት ጀምራ ታውቀዋለች። ራፖር ጸሐፊው በፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛውን ዘርግቶ የባለጉዳዩን ብሶት ያዳምጥና «ክቡር ሆይ» ብሎ ያሳምርለት ነበር። አቤቱታ የአንድ ሰው በደል ነው፤ የሚያነበውም ዳኛው ነው። ግልጽ ደብዳቤ ግን ሁለት አንባቢ አለው። አንደኛው ስሙ ከላይ የተጻፈው ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው ከጀርባው ቆሞ አብሮት የሚያነበው ሕዝብ ነው። ባለሥልጣኑ ዝም ቢል ሕዝቡ ዝምታውን ያያል። ጸሐፊው ቢዋሽም ያንኑ ውሸት የሚታዘበው ይኸው ሕዝብ ነው። ስለዚህ የግልጽ ደብዳቤ ጸሐፊ በሁለት ወገን ይጠበቃል፤ ቃሉን መመዘን አለበት።

የተለጠፉትን ደብዳቤዎች ራስጌ ተመልከቱ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላሉ። ለሚመለከተው ሁሉ ማለት እኮ ለማንም ማለት ነው! በፈረንሳይ አገር ኤሚል ዞላ በ1890 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ማለትም ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ በግፍ ስለ ተፈረደበት ስለ መኮንን ድሬይፉስ በጋዜጣ ያወጣው ደብዳቤ የተጻፈው ለፕሬዚዳንቱ ለፌሊክስ ፎር ነበር። በሐሰት ላይ የተባበሩትን መኮንኖችም አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቸው። ይህ ዋጋ አስከፍሎታል። በስም ማጥፋት ተከሶ ተፈረደበትና ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። ድሬይፉስ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠው በ1898 ዓ.ም. ነው፤ ዞላ ግን ያን ቀን ሳያይ ሞቷል። እኛ ሰው እንክሰስ አላልንም። ለማን እንደምንጽፍ እንወቅ ነው ያልነው።

ከእኛም አገር ቢሆን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ላይ የታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ደብዳቤ ተብሎ አልተጠራም፤ ጠባዩ ግን የደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ያለፈውን አስተዳደር ወቅሶ ብቻ አልተቀመጠም። መደረግ ያለበትንም ተራ በተራ አስቀምጧል። ወቀሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመቶ ዓመት በኋላ ማን ያነበው ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ጥናት።

ለአንድ ግልጽ ደብዳቤ የሚደረገው ጥናት በሦስት መንገድ ይመጣል፤ በእግር፣ በወረቀትና በሰው አፍ። ከሦስቱ የሚናቀው እግር ነው። ስለ ጊዮርጊስ ከጻፉት መካከል ለዚህ ሥራ ብሎ ቦታውን የዞረ ስንት ነው? የሠፈሩን ስም እንጂ ምኑ እንደ ቆመና ምኑ እንደ ፈረሰ የማያውቅ ጸሐፊ የቆመውን ፈረሰ፣ የፈረሰውን ቆመ ይላል። የጣይቱ ሆቴል በእሳት «ወደመ» ብሎ የጻፈ ባልደረባ አለን። ሄዶ ቢያይ ኖሮ ቃጠሎው የጎዳው ከፊሉን መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጥ ነበር።

ይኸው ባልደረባ ቃጠሎው የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው ይላል። ቀኑ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። 2015 የፈረንጆቹ ነው። ሌላዋ ደግሞ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ የሆነለትን የዐድዋን ጦርነት «በ1896 ዓ.ም.» ብላለች፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለቷ ነው። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አንብቦ ዓመቱን እንዳለ ማስፈር በክፍላችን የተለመደ በሽታ ሆኗል። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ደብዳቤውን የሚቀበለው ሹም የማይመቸውን ነገር ለመጣል ምክንያት ይፈልጋል። የተሳሳተች አንዲት ዓመት ካገኘ «እነዚህ ልጆች ዐድዋን እንኳ አያውቁም» ብሎ የቀረውን ሳያነብ ያጥፈዋል። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም በሱ ቦታ ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር።

ስለ ወረቀቱ፣ ወመዘክር አለ፤ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ። የመርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» በዐይን ምስክር የተጻፈ ስለሆነ ስለ ቀድሞው አዲስ አበባ ለሚጽፍ ሰው ወርቅ ነው። ባቲስቶኒና ኪያሪ የተባሉ ጣሊያኖች ስለ ከተማዋ አሮጌ ቤቶች በእንግሊዝኛ ያወጡት መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። የዚያ መጽሐፍ ጥቅም ዛሬ በእጥፍ ጨምሯል፤ ያኔ ተመዝግበው ከነበሩት ቤቶች የትኞቹ እንደ ቀሩ በእግር እየዞሩ ማመሳከር ይቻላልና። ይህ ራሱ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ይወጣዋል። ሕጉንም ማንበብ ያስፈልጋል። ቅርስ ምን እንደሆነ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይናገራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። «ኧረ የመንግሥት ያለህ» ከማለት ይህን አንቀጽ መጥቀስ አይሻልም?

ከሁሉም የሚከብደው የሰው አፍ ነው። የድሮ ነዋሪዎች ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ፣ በከተማው ዳር ተበትነዋል። ፈልጎ ማግኘት የትራንስፖርት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሠልጣኝ ደግሞ ኪሱ ባዶ ነው። ያም ሆኖ አንድ ሰው ብንፈልግ አናጣም። በየክፍላችን ዘመዱ ከዚያ የተነሣ አለ። ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው። አንዲትን እናት አግኝቶ «እማማ፣ ሠፈርዎ ሲፈርስ ምን ተሰማዎት?» ብሎ መጠየቅ ልፋት የሌለው ሥራ ነው። እሳቸውም ያለቅሳሉ፤ እኛም እንቅሷቸውን ጽፈን እንመጣለን። ከዚያስ? ይልቅ እንዲህ እንበል፤ «እማማ፣ በግቢው ውስጥ ስንት አባወራ ነበር? ቧንቧው ስንት ነበር? ሽንት ቤቱን ከስንት ቤት ጋር ይጋሩት ነበር? እድራችሁ አብሮ ሄደ ወይስ ፈረሰ? አሁን ለቤተ ክርስቲያን ወዴት ይሄዳሉ?» ይህን የጠየቀ ሰው ያልጠበቀውን ይሰማል። አንዳንዶቹ «ልጄ፣ ቤቱስ እንኳን ፈረሰ፤ የጎረቤቴ ነገር ነው እንጂ» ሲሉ ሰምተናል። እንዲህ ዓይነቱ ቃል ከሙሾው ዐሥር ገጽ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የተቃራኒውን ወገን ነገር እናንሣ። ከተለጠፉት ደብዳቤዎች የፈረሱት ቤቶች ምን ዓይነት እንደ ነበሩ የተናገረ አላየንም። ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ብዙዎቹ በቀበሌ ሥር ሆነው ኪራያቸው እጅግ አነስተኛ፣ እድሳታቸውም የዚያኑ ያህል ሆኖ ቆየ። ጣራው ያፈሳል፤ ግቢው ይጠባል። ይህን ደብቆ «ገነት ፈረሰብን» የሚል ደብዳቤ እዚያ የኖረ ሰው ቢያነበው ይስቃል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1955 ዓ.ም. ሚያዝያ ከበርሚንግሃም እስር ቤት የጻፈውን ደብዳቤ የምናደንቀው ለምንድን ነው? ስምንት የሃይማኖት አባቶች በጋዜጣ ነቅፈውት ነበር፤ «ቆይ፣ ጊዜው አይደለም» ብለው። እሱ የእነሱን ነጥብ አንድ በአንድ አንሥቶ በትሕትና መለሰ። የተቃዋሚን ነጥብ ዘሎ ማለፍ ጀግንነት አይደለም። ስለዚህ የእኛም ደብዳቤ «ቤቶቹ ያረጁ እንደ ነበሩ እናውቃለን፤ መንገዱም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን...» ማለት መቻል አለበት። ክብደቱ ያለው ከዚያች «ነገር ግን» በኋላ ነው።

በቅርብ ያለውን የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ምሳሌ እንውሰድ። አቡኑ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሽስቶች የተገደሉ ሰማዕት ናቸው። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ ለባቡር መስመሩ ሥራ ሲነሣ ከተማው ተንጫጫ። የተንጫጫው በከንቱ አልነበረም፤ ይመለሳል ወይ የሚለው ሥጋት እውነተኛ ነበር። የሥራው ባለቤቶች ደግሞ መስመሩ በዚያ ከመሬት በታች ስለሚያልፍ ሐውልቱ ባለበት ሊቆይ አይችልም አሉ። ሁለቱም ወገን ነጥብ ነበረው። እንግዲህ ያኔ ግልጽ ደብዳቤ ብንጽፍ ኖሮ ምን እንል ነበር? «አይነሣ!» ማለት አንድ ነው። «የሚመለስበት ቀን በጽሑፍ ይገለጽ፤ የት እንደሚቀመጥ ሕዝብ ይወቀው፤ ሲመለስም በቀድሞው ቦታ ይሁን» ማለት ሌላ ነው። የኋለኛው መልስ የሚያገኝ ጥያቄ ነው። ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ከእሱ በፊት የምኒልክ ሐውልትም በጣሊያን ዘመን ተነሥቶ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጊዮርጊስ ሐውልት ሲነሣና ሲመለስ ያየ ሠፈር ነው።

ቤት ግን እንደ ሐውልት አይመለስም። ታዲያ ምን እንጠይቅ?

በእኛ አስተያየት የክፍላችን ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ፤ የስሞቹን። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር። እነዚህ ስሞች በየነበሩበት ቦታ፣ በአዲሱ መንገድ ዳር፣ በድንጋይም ሆነ በብረት ሰሌዳ ተጽፈው ይቁሙ። ከስሙ ሥር ሁለት መስመር ታሪክ ይኑር። ወጪው ከአንድ የመብራት ምሰሶ ይበልጣል ብለን አናምንም። መንገድ አያስቀይስም፤ ፕላን አያፋልስም። እምቢ ለማለት የሚያስቸግር ጥያቄ ማለት እንዲህ ያለ ነው። አቀራረቡም ለከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ፣ ግልባጩ ለአራዳ ክፍለ ከተማ ይሁን።

«ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉ ይኖራሉ። አራዳ የሚለውን ስም ራሱን እዩት። አራዳ የምኒልክ ዘመን ገበያ ነበር፤ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አንሥቶ የተዘረጋ። ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስደው መርካቶን ሲያቋቁሙ፣ ቦታውንም ፒያሳ ሲሉት፣ አራዳ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። ገበያው ሄደ፤ ስሙ ግን ሰው አፍ ላይ ስለ ነበረ ቀረ። እንዲያውም ብልጥ ሰው ሁሉ «አራዳ» ተባለ፤ ክፍለ ከተማውም ዛሬ በዚሁ ይጠራል። የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ግን ተበትነዋል። ስሙን የሚጠራው አፍ ሲበተን ሰሌዳው ካልጠራው ማን ይጠራዋል? ነገ በከተማው ዳር ባለ ትምህርት ቤት የምናስተምረው ሕፃን «እናቴ የተወለደችው ዶሮ ማነቂያ ነው» ሲለን ካርታ ላይ የምናሳየው ነገር ይኑረን።

አሁን ደግሞ በመምህራንና በሠልጣኞች መካከል ሰሞኑን ስላከራከረው ነገር እንናገር። ደብዳቤዎቹ ይላኩ ወይስ አይላኩ? አንዳንድ መምህራን «ይህ ለማርክ የተሰጠ ልምምድ ነው፤ ታርሞ ፋይል ይገባል» ይላሉ። ከሠልጣኞችም «ኧረ ተዉ፣ ነገር አትፈልጉ፤ ምን አገባን» የሚል አለ። የሁለቱንም ሐሳብ አክብረን እንቃወማለን።

ያልተላከ ግልጽ ደብዳቤ ግልጽም አይደለም፣ ደብዳቤም አይደለም። የሚላክ መሆኑን ያወቀ ጸሐፊ ቀኑን ሁለት ጊዜ ያጣራል፤ ስድብ ያወጣል፤ የማያውቀውን ይሰርዛል። የማይላክ መሆኑን ያወቀው ደግሞ «ወይ ፒያሳ» ብሎ ይጨርሳል። የጥናቱ ጉድለት ምንጭ ስንፍና ብቻ ሳይሆን ይኸው ነው ብለን እናምናለን። ነገር ፍለጋ ነው ለሚሉት ደግሞ፣ ሐሳብን መግለጽ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29፣ አቤቱታ ማቅረብ በአንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው። የሠፈር ስም በሰሌዳ ይጻፍ ብሎ በአክብሮት የጠየቀ መምህር ምን ወንጀል ሠራ? ፍርሃቱ ይገባናል። የመጠንቀቂያ መንገዱም በእጃችን ነው፤ ያረጋገጥነውን ብቻ መጻፍ፣ ሰው አለመዝለፍ፣ ሁላችንም በስማችን መፈረም።

አላላኩም ሥርዓት አለው። ደብዳቤው ቀን ይኑረው። ለመዝገብ ቤት በእጅ ይሰጥ። በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበት። ይህች ቁጥር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ከወር በኋላ «ደብዳቤያችን የት ደረሰ?» ብሎ የሚሄድ ሰው ያለሷ በር ላይ ይመለሳል። ማኅተም ያለበት ቅጂ ደግሞ በዚህ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መልስ ሲመጣ መልሱ፣ ካልመጣ ያለፉት ቀናት ቁጥር ከጎኑ ይጻፍ።

ስለ ማርኩም አንድ ሐሳብ አለን። ደብዳቤው ከ20 ይታረማል ተብሏል። ከ20ው 10 ለመስክ ደብተሩ ይሰጥ። ማን ጋ እንደ ሄደ፣ ምን እንደ ጠየቀ፣ የትኛውን መጽሐፍ በስንተኛው ገጽ እንዳየ፣ የትኛውን ዓመት ከፈረንጅ ወደ ኢትዮጵያ እንደ መለሰ ይታይበት። እንዲህ ከሆነ ከስልክ የገለበጠ ሰው ደብተሩ ባዶ ይሆናልና መምህሩም አይቸገር። በሚቀጥለው ዓመት እኛው በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የደብዳቤ አጻጻፍ ስናስተምር ሰሌዳ ላይ «ለተከበሩ...» ጽፈን ቅዱ ከምንል ልጆቹን ወደ ቀበሌው ቧንቧ ወስደን «ይህ ለምን አይፈስም? ማንን እንጠይቅ?» ብንል እንመርጣለን። ግን መጀመሪያ ራሳችን እናድርገው።

በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በጊዮርጊስ፣ በምኒልክ ሐውልት አጠገብ እንገናኛለን። ሥራው ሁለት ነው፤ ግማሹ ቦታውን እየዞረ የፈረሰውንና የቀረውን ይመዘግባል፤ ግማሹ ከዚያ የተነሡ ዘመዶች ያሏቸውን ይዞ ሰው ሊያናግር ይሄዳል። የታክሲ ገንዘብ የሌለው ይንገረን፤ እንካፈላለን። የስም መመዝገቢያው ወረቀት ከዚሁ ጽሑፍ ግርጌ ተሰክቷል። በክር ታስሮ የነበረውን እስክሪብቶ አንድ ሰው ስለ ወሰደው የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።